ከልስኑ በስተጀርባ፦ በቢቸናና በሞጣ የሚሸጥን ቤት ለገዥ ስለማዘጋጀት

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ አቋርጦ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ቢቸናንና ሞጣን ያገናኛል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማዕከል ናቸው። በሁለቱም ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የክልሉ መለስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የብዙ ቤተሰብ ዋነኛ ጥሪት ነው። መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴዋ ከሱቋ፣ ገበሬው ከጤፉ ሽያጭ እየቆጠበ ያቆመው ቤት በአንድ ቀን ውል ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ፣ የብዙ ዓመት ድካም ዋጋው በዚያች ቀን ይወሰናል። ገዥውም ቢሆን ያለውን ሁሉ አሟጥጦ የሚመጣ ነውና ከተሳሳተ የሚመልሰው ሁለተኛ ጥሪት የለውም።

የተለመደው ዝግጅት የታወቀ ነው። ግድግዳው እንደገና ይለሰናል፤ ቀለም ይቀባል፤ ግቢው ይጠረጋል፤ ገዥ በሚመጣበት ቀን ቡና ይፈላል። ይህ ሁሉ መልካም ቢሆንም ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ቤትን ለሽያጭ ማዘጋጀት ማለት ከሁሉ በፊት የገዥውን ጥርጣሬ መቀነስ ነው፤ ጥርጣሬን የሚቀንሰውም ጉድለትን የሚሸፍን ሥራ ሳይሆን የቤቱን እውነተኛ ሁኔታ የሚያሳይ ሥራ ነው የሚል ነው። ይህንም ከምጣኔ ሀብት ንድፈ ሐሳብ፣ ከአካባቢው አፈርና ከጭቃ ቤት አሠራር፣ እንዲሁም ከሀገሪቱ ሕግ አንጻር ለማሳየት ይሞከራል።

ገዥው የማያየው ነገር

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው አጭር ጥናት ያገለገሉ መኪናዎች ገበያን መርምሮ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ገዥው ደኅናውን ከተበላሸው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ በዚህም ምክንያት የደኅና መኪና ባለቤቶች ተጎድተው ከገበያው ይወጣሉ። አከርሎፍ ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የጭቃ ቤት ለዚህ ችግር ከመኪናም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቤቱን የሚሸከሙት ቋሚ እንጨቶችና ማገሮች በምርጊትና በልስን ተሸፍነዋል። ቋሚው ጥድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ግርጌው ደኅና ይሁን ምስጥ የበላው፣ ከውጭ አይታወቅም። ለማስረጃ ያህል በምሳሌ ብቻ እናስብ። አንድ ቤት ግርጌው ደኅና ከሆነ 2,000,000 ብር፣ ከበሰበሰ ደግሞ 1,400,000 ብር ያወጣል እንበል። ገዥው ሁለቱን መለየት ካልቻለና ዕድሉን እኩል በእኩል ከገመተ የሚያቀርበው ዋጋ 1,700,000 ብር ይሆናል። የደኅናው ቤት ባለቤት ጥፋት ሳይኖርበት 300,000 ብር ያጣል ማለት ነው። ይህ ሰው 60,000 ብር አውጥቶ ግርጌው ደኅና መሆኑን በሚታይ መንገድ ቢያረጋግጥ፣ ወጪው ተቀንሶ እንኳ 240,000 ብር ያተርፋል። ያንኑ 60,000 ብር ለአዲስ ቀለም ቢያውለው ግን የገዥው ጥያቄ ባለበት ይቀራል። እንዲያውም ትናንት የተለሰነ ግድግዳ “ምን ሸፍነውበት ይሆን?” የሚል አዲስ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል።

አፈሩና ግድግዳው

በዚህ አካባቢ የግድግዳ ጥያቄ ከአፈር ጥያቄ ተለይቶ አይታይም። በእነማይና በአጎራባች ወረዳዎች ሰፊ መሬት በጥቁር ዋልካ አፈር የተሸፈነ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ የአፈር ዓይነት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የአፈር ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ዋልካ ከፍተኛ መጠን ያለው የሸክላ ቅንጣት ስላለው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለዚህም ነው በክረምት የሚተኛውን ውሃ በቦይ እያንጣፈፈ ጤፉንና ስንዴውን የሚዘራው።

ማሳውን የሚያስቸግረው እብጠትና ኩምትርት ቤቱንም ያንቀሳቅሰዋል። በነሐሴ አፈሩ አብጦ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ በሚያዝያና በግንቦት ተኮማትሮ ይለቀዋል። እንቅስቃሴው በሁሉም ማዕዘን እኩል ስላልሆነ ግድግዳው በበርና በመስኮት ማዕዘኖች በኩል በሰያፍ ይሰነጠቃል። ለግድግዳ ተጠግቶ የበቀለ ባሕር ዛፍ ከአንድ ወገን እርጥበት እየመጠጠ ልዩነቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ሻጭ ስንጥቅ ባየ ጊዜ ሁሉ ለሳኝ ከመጥራቱ በፊት የስንጥቁን ዓይነት መለየት ይኖርበታል። እንደ ፀጉር የቀጠነና በልስኑ ላይ በየአቅጣጫው የተበታተነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ጭቃው ሲደርቅ የተፈጠረ ነው። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣና ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን የመሠረት እንቅስቃሴን ያመለክታል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስንጥቁ ላይ አንድ ጣት ስፋት ያለው ጀሶ አቋርጦ መለጠፍና በእርሳስ ቀኑን መጻፍ ይበቃል። በመስከረም የተለጠፈው ጀሶ እስከ ግንቦት ሳይሰበር ከቆየ ስንጥቁ አሮጌና የረጋ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከተሰበረ እንቅስቃሴው አሁንም አለ። ቀን የተጻፈበት ያልተሰበረ ጀሶ በዓይን ሲታይ አያምርም። ይሁን እንጂ በአዲስ ልስን ከተሸፈነ ግድግዳ ይልቅ ለገዥው ብዙ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ሻጩ ችግሩን እንዳወቀ፣ አንድ የበጋ ወቅት እንደተከታተለና ውጤቱን ለማሳየት እንደማይፈራ ይመሰክራል።

እንቅስቃሴው ካለም መፍትሔው የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ከውሃው ነው። ከጣራ የሚወርደውን ዝናብ በአሸንዳ መቀበል፣ ከግድግዳው ርቆ የሚሄድ ቦይ መቅደድ፣ የግቢውን መሬት ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ መደልደል፣ ክፈፉ አጭር ከሆነ ማስረዘም፤ እነዚህ ሥራዎች ከቀለም እምብዛም የማይበልጥ ወጪ ይጠይቃሉ። ጥቅማቸው ግን የመሠረቱን አፈር እርጥበት የተረጋጋ ማድረግና የቋሚዎቹን ግርጌ ከመበስበስ ማዳን ነው።

በዚህ ረገድ በተለይ ሊጤን የሚገባው የሲሚንቶ ልስን ነው። የግድግዳን ግርጌ በሲሚንቶ መለሰን ቤቱን ብሎኬት ያስመስላል፤ ስለዚህም ከሽያጭ በፊት ይመረጣል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበት ሲቀበልና ሲለቅ የሚያብጥና የሚኮማተር ሲሆን ሲሚንቶ ግትር ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በክፍተቱ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ታፍኖ የቆየው እርጥበትም ከውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። በጤፍ ጭድ ተቦክቶ በደንብ የሰነበተ ጭቃና የኖራ ቅብ ግድግዳው እርጥበቱን እንዲተነፍስ ያደርጋሉ። ስለዚህ ለሽያጭ ተብሎ በችኮላ የሚለሰን ሲሚንቶ ቤቱን ለጊዜው አሳምሮ ዕድሜውን ሊያሳጥር ይችላል።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

የአፈር ጉዳይ የቤት ሽያጭን ሕግ እስከ መለወጥ ሊደርስ እንደሚችል የካሊፎርኒያ ታሪክ ያሳያል። በዚያ ግዛት አንዲት ገዥ በሚገባ ባልተጠቀጠቀ የተሞላ አፈር ላይ የቆመ ቤት ገዛች፤ ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቱን ክፉኛ ጎዳው። ሻጮቹ ቀድሞ የደረሰውን መንሸራተት ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት “ኢስተን በስትራስበርገር ላይ” በተሰኘው ክርክር፣ ሽያጩን ያስማማው ደላላ ቤቱን በጥንቃቄ የመመልከትና ያገኘውን ጉድለት ለገዥ የመንገር ግዴታ ነበረበት ሲል ወሰነ። በቦታው ተዳፋቱን የያዘ መረብና ያልተስተካከለ ወለል መኖሩ ለደላላው በቂ ምልክት እንደነበረ ተቆጥሯል። ይህን ተከትሎ የግዛቱ ሕግ አውጪ፣ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን ጉድለት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

የእኛ አገር ሕግ እንዲህ ያለ ቅጽ ባያዘጋጅም ከመንፈሱ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። በቁጥር 1704 ደግሞ ሌላው ወገን ባይታለል ኖሮ የማይገባበት ውል በተንኮል የተደረገ እንደሆነ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይገልጻል። በአንጻሩ ገዥው እያወቀ የገዛውን ጉድለት በኋላ ምክንያት አድርጎ ሻጩን ሊጠይቅ አይችልም። ከዚህ የምንረዳው ጉድለቱን ለገዥ አሳይቶ በውሉ ውስጥ ያስገባ ሻጭ ራሱንም ጭምር እንደሚጠብቅ ነው።

ሰነዱም የቤቱ አካል ነው

በኢትዮጵያ ቤት ሲሸጥ መሬቱ አይሸጥም። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ በመንግሥት እጅ ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። ስለዚህ ገዥው የሚገዛው ግድግዳውንና ጣራውን ከነይዞታ መብቱ ነው፤ ይዞታው ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በሰነድ ብቻ ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ ካርታው ሳይስተካከል የተቀባ ቤት ግማሹ ብቻ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል።

በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው በካርታው ላይ ያለው ስፋትና በመሬት ላይ ያለው አጥር መጣጣሙ ነው። አጥሩ ካለፈ ወይም ሰርቪስ ቤቱ ያለ ፈቃድ ከተሠራ፣ ጉዳዩን ገዥ ከመምጣቱ በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መጨረስ ይገባል። ሁለተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ቤቱ ከወላጅ የተወረሰ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫና የሁሉም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ካለ ውክልናው አስቀድሞ መላክ አለበት። የጋራ ሀብት የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ሊሸጥ እንደማይችል የቤተሰብ ሕጋችን ይደነግጋል። ሦስተኛው የዕዳ ጥያቄ ነው፦ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ውዝፍ። የተከፈለበትን ደረሰኝ በአንድ ማኅደር አስቀምጦ ለገዥ መስጠት ጥርጣሬን ከብዙ ቃል በላይ ያርቃል።

ሁለት ነጥቦች በተለይ ለዋጋ ስምምነት ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ደንግጓል። ገዥው ይህን ከውሉ በኋላ ቢሰማ እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ አስቀድሞ ከተነገረው ግን ከሒሳቡ ውስጥ ያስገባዋል። ሁለተኛው የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ ሲደነግግ፣ ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ የቆየን ቤት ነፃ አድርጓል። በቤቱ የኖረ ሻጭ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ ቢያዘጋጅ፣ ለግብር ሲባል በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ከመጻፍ ፈተና ይድናል። ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ዋጋ በኋላ ክርክር ቢነሣ ለሁለቱም ወገኖች ወጥመድ ነው።

ውሉም በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877፣ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት ደግሞ ቁጥር 1723 ያዛል። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት በኅብረተሰቡ ዘንድ ክብር ቢኖረውም ብቻውን ስመ ሀብት አያዛውርም። ይህን የተረዳ ሻጭ ገዥውን ወደ ምዝገባ ለመውሰድ ራሱ ቀዳሚ ይሆናል።

ውበት መቼ ይረዳል?

እስካሁን የተባለው ንጽሕናና ውበት ዋጋ የላቸውም ለማለት አይደለም። ገዥ በመጀመሪያ እይታ የሚያገኘው ስሜት እውነተኛ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ክፍል፣ ጥላሸቱ የታጠበ ማድ ቤት፣ ሽታ የሌለው ሽንት ቤት፣ ያልዛገ ቆርቆሮ ሁሉ ዋጋ ይጨምራሉ። ነገር ግን ቅደም ተከተል አላቸው። በምዕራቡ ዓለም ሻጮች የቤተሰብ ፎቶግራፎችን አንሥተው ቤቱን የማንም እንዳይመስል እንዲያደርጉ ይመከራሉ። በቢቸና ወይም በሞጣ ግን ገዥው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ያጠናል። ውሃው የት እንደሚፈስ፣ የድንበር ክርክር እንዳለ፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ከጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በድንበርና በፍሳሽ መስማማት ከቀለም የሚቀድም ዝግጅት ነው። ሰርቪስ ክፍሎቹ ለመምህራን ወይም ለተማሪዎች የሚከራዩ ከሆነም የኪራይ ውሎቹን ማሳየት ቤቱ ገቢ እንደሚያስገኝ ያረጋግጣል።

አንድ ተቃውሞና መልሱ

“ጉድለቱን የሚናገር ሻጭ ሞኝ ነው፤ ዝም ያለው ይሻላል” የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ግርጌው የበሰበሰ ቤት ባለቤት ዝም ቢል 1,700,000 ብር፣ ቢናገር 1,400,000 ብር ያገኛል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይህን ስሌት ያፈርሱታል። አንደኛ፣ የደኅና ቤት ባለቤቶች ማስረጃ ማሳየት ሲጀምሩ ዝምታው ራሱ ምልክት ይሆናል፤ ማስረጃ ያላሳየ ሁሉ የሚደብቀው እንዳለው ይገመታል። ሁለተኛ፣ ከላይ የተጠቀሱት ድንጋጌዎች ተንኮልን ለፍርድ ያጋልጣሉ። ሦስተኛ፣ በትንሽ ከተማ ሻጩና ገዥው በእድር፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ መገናኘታቸው አይቀርም፤ የተደበቀ ጉድለት በመጀመሪያው ክረምት ይወጣል፤ የወጣም ስም አይጠፋም።

ጊዜን ስለመምረጥ

ዝግጅቱ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። በመስከረም፣ ዝናቡ እያበቃ ሳለ፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ መመልከትና በስንጥቆች ላይ ጀሶ መለጠፍ ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቦዩና አሸንዳው ይሠራሉ፤ የሰነዱ ጉዳይም ጎን ለጎን ይሄዳል። በጥር አዝመራው ገብቶ የገበሬውና የነጋዴው እጅ ሲረጥብ ገዥ ይፈለጋል። ልስንና ቀለም የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው የጸጥታ ችግር ከሩቅ መጥቶ ቤት ማየት ለብዙ ገዥ ከባድ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገዥው በዘመድ ዓይን ላይ ይተማመናልና ቀን የተጻፈባቸው ምልክቶች፣ ፎቶግራፎችና የተሟላ ማኅደር ከወትሮው ይልቅ ይፈለጋሉ።

ማጠቃለያ

በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የጭቃ ቤት ሲሸጥ ዋጋውን የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ሳይሆን ገዥው ስለ ጉድለቱ ያለው ጥርጣሬ ነው። የታወቀ ጉድለት ዋጋው የጥገናው ወጪ ያህል ነው፤ ያልታወቀ ጉድለት ግን ገዥው ሊያስበው የሚችለውን ክፉ ነገር ያህል ያስከፍላል። ስለዚህ ሻጭ በመጀመሪያ ውሃውን ያርቅ፤ ቀጥሎ ስንጥቁን በጊዜ ይመርምር፤ ከዚያ ሰነዱን ያሟላና ከጎረቤቱ ጋር ይስማማ፤ በመጨረሻም ቤቱን ያስውብ። ማዘጋጃ ቤቶችና የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችም ሻጩ ስለ መሠረቱ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ፍሳሹና ስለ ዕዳው የሚያውቀውን የሚሞላበት አንድ ገጽ ቅጽ ከውሉ ጋር ቢያያይዙ፣ በጥቂት ወጪ የብዙ ቤተሰብን ጥሪት ከክርክር ማዳን ይቻላል። በነሐሴ ዝናብ ገዥው ከልስኑ በስተጀርባ ያለውን ማወቁ አይቀርም፤ በጥር ከሻጩ አፍ ቢሰማው ለሁለቱም ይበጃል።